ጉርሻ ያሳነሰ ሰው በቤታችሁ አለን?

ከቤተሰቡ መካከል እንጀራውን በወጥ ካላራሰ የማይውጥ፣ ቆሎውን ለልጆች አሳልፎ የሚሰጥ፣ አንድ ጉርሻ ከዋጠ በኋላ ውሃ ካልተጎነጨ ሁለተኛውን የማያነሣ ማን እንደሆነ ከእናት ይበልጥ የሚያውቅ አይገኝም። መሶቡን የምትዘረጋው እርሷ ናት፤ የተረፈውንም የምታነሣው እርሷው ናት። ዛሬ በዚህ ዓምድ የምናነሣው ጉዳይ የታችኛው ጉሮሮ ካንሰር ነው። ነገሩን ከሆስፒታል ሳይሆን ከመሶቡ ዙሪያ መጀመራችን ያለ ምክንያት አይደለም፤ ይህ በሽታ መጀመሪያ የሚታየው እዚያ ነውና።

የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ይህን የተማረችው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከአባቷ እህት ነው። በአካባቢያችን ልማድ «አዳዳ» እያልን የምንጠራት አክስቴ ነዋሪነቷ ከአምቦ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወደ ምዕራብ አለፍ ብላ በምትገኘው በጉደር ከተማ ነበር። ሰባት ልጆች ወልዳ ያሳደገችው እንጀራ እየጋገረች ለምግብ ቤቶች በማቅረብ ነው። ሲጋራ በአፏ ዞሮ አያውቅም፤ መጠጥም ቢሆን በዓል ሲሆን ከምትቀምሰው ጠላ አያልፍም። ደም ማነስ ግን ከወጣትነቷ ጀምሮ ነበረባት። ነፍሰ ጡር በሆነች ቁጥር ከቤት ግድግዳ ላይ አፈር እየቀረፈች ትበላ እንደነበር እናቴ ትነግረናለች። ጥፍሮቿ እንደ ማንኪያ ወደ ውስጥ ጎድጎድ ያሉ ነበሩ፤ ልጆች ሳለን በዚያ እንጫወትባት ነበር።

በ2008 ዓ.ም. የገና ሰሞን ቤቷ ተሰብስበን ስንበላ ታናሽ ወንድሜ ሊያጎርሳት እጁን ዘረጋ። አዳዳ ሰው በማጉረስ የታወቀች ናት፤ የእርሷን ጉርሻ ለመቀበል አፍ ብቻ ሳይሆን ትዕግሥትም ያስፈልግ ነበር። በዚያ ዕለት ግን እጁን ያዝ አደረገችና «አሳንስልኝ እስቲ ልጄ፤ የኔ ጉሮሮ ጠቧል» አለችው። ሁላችንም ሳቅን።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በአጭሩ ላስረዳችሁ። አንዱ ቶንሲል ነው አለ፤ ሌላው ብርድ ነው አለ፤ ዳማከሴ ተጨምቆ ተሰጣት፤ ዝንጅብል በማር ጠጣች። የአምቦ ሰው ደግሞ ለጉሮሮም ለሆድም የሚያዘው መድኃኒት የታወቀ ነው፤ ሰንቀሌ የሚታሸገውን አምቦ ውሃ ጠጪበት ተባለች። ጠጣችም። ጋዙ ሲያስገሳት የተከፈተላት ይመስላት ነበር። ከፋሲካ በኋላ የግራ ጆሮዋን ይወጋት ጀመር። አንድ ክሊኒክ ሄዳ የጆሮ ጠብታ ተሰጣት፤ አልሻል ቢላት ሌላ ጠብታ ተጨመረላት። መስከረም ላይ ከአንገቷ ጎን የባቄላ ፍሬ የምታህል እብጠት ወጣች፤ እንቅርት ነው ተባለ። አዲስ አበባ ደርሳ ሐኪም ጉሮሮዋን በመሣሪያ ያየው ከዚያ የገና ምሳ በኋላ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ነው። በሽታው ከማንቁርቷ በስተኋላ ሥር ሰድዶ ተገኘ። ሐኪሞቹ ለማዳን ጊዜው እንዳለፈ፣ ሕመሟን ግን ማስታገስ እንደሚቻል ነገሩን። በግንቦት 2009 ዓ.ም. በገዛ ቤቷ አረፈች።

ማንም አልበደላትም፤ ሁላችንም የመሰለንን ነበር ያደረግነው። አንድ ነገር ግን እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። አዳዳ እንደ አብዛኞቹ እናቶቻችን ሁሉንም አብልታ፣ ራሷ በመጨረሻ፣ ጓዳ ውስጥ፣ ብቻዋን የምትበላ ሴት ነበረች። አባወራው ጉርሻ ቢያሳንስ እርሷ በዚያው ቀን ታውቀው ነበር፤ የእርሷን ግን ያየላት አልነበረም። ልብሷ ሲሰፋት እንኳ «ጾሙ አከሳኝ» ስትል አምነናት ነበር።

ለመሆኑ ታችኛው ጉሮሮ የምንለው የትኛው ነው? አፋችንን ከፍተን በመስተዋት ስንመለከት እንጥላችንና በግራ በቀኙ ያሉት ቶንሲሎች ይታዩናል። ይህ ላይኛው ክፍል ነው። ከዚያ ወደ ታች፣ ከምላስ ሥር አልፎ፣ ድምፅ ከሚወጣበት ከማንቁርት በስተኋላና በግራ በቀኙ ያለው ክፍል ታችኛው ጉሮሮ ይባላል። መንታ መንገድ ነው ብትሉት ይቀላል፤ ትንፋሽ ወደ ፊት ለፊቱ የአየር ቧንቧ፣ ምግብ ደግሞ ወደ ኋለኛው የምግብ ቧንቧ የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። በማንቁርት ግራና ቀኝ እንደ ኪስ ያሉ ሁለት ጎድጓዳ ቦታዎች አሉ፤ የዋጥነው ምግብ በእነርሱ በኩል ይንሸራተታል። በሽታው በብዛት የሚነሣው ከእነዚህ ኪሶች ሲሆን፣ አንዳንድ ጊዜ ከኋላው ግድግዳ፣ አንዳንድ ጊዜም እንደ አክስቴ ከማንቁርት በስተኋላ ካለው ቦታ ይነሣል። ይህ የመጨረሻው ዓይነት ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን እንደሚያጠቃ ከታወቀ ቆይቷል፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

እነዚህ ኪሶች ሰፋ ያሉ ስለሆኑ ዕጢው እስኪያድግ ድረስ መንገድ አይዘጋም፤ ቦታውም አፍ ቢከፈት አይታይም። በዚያ አካባቢ ያለው የሊምፍ መረብ ደግሞ እጅግ የበዛ ስለሆነ ዘሩ ቶሎ ወደ አንገት ንፍፊቶች ይሻገራል። በመሆኑም ብዙ ሕሙማን መጀመሪያ ሐኪም ዘንድ የሚሄዱት ጉሮሮዬን አሉ ብለው ሳይሆን አንገቴ አበጠ ብለው ነው። በሠለጠኑት አገሮች እንኳ ሳይቀር ከአራት ሕሙማን ሦስቱ ያህል በሽታው ከፍ ወዳለ ደረጃ ከደረሰ በኋላ የሚታወቅላቸው ለዚህ ነው። የጉደር ሰው ብቻ አልተዘናጋም ማለት ነው።

የጆሮው ነገር ብዙዎቻችሁን ያስገርማችሁ ይሆናል። ከታችኛው ጉሮሮ የሕመም ስሜት ወደ አንጎል የሚያደርሰው ነርቭ አንዱ ቅርንጫፉ ከጆሮ ስለሚመጣ አንጎል ሕመሙ ከየት እንደመጣ ይሳሳታል። ስለዚህ ጉሮሮ ታሞ ጆሮ ይጮኻል። አንድ ትልቅ ሰው አንድ ወገን ጆሮውን፣ በተለይም ሲውጥ፣ ቢወጋውና ጆሮው ሲታይ ጤነኛ ቢሆን፣ ጠብታ ከመጨመር ይልቅ ጉሮሮውን ማየት ይገባል።

እንግዲህ ከትሪው ላይ ምን እናነባለን? መጀመሪያ ደረቅ ነገር ይቀራል፤ ዳቦ፣ ቆሎ፣ ሥጋ። ቀጥሎ ሰውየው ፍትፍት ይወዳል፣ ጨጨብሳውን ቅቤ እንዲበዛበት ይጠይቃል፣ ከዚያ ሾርባና አጥሚት ብቻ ይላል። ከሰው ጋር መብላት ያቆማል፤ ሲበሉ መዘግየት ያሳፍራልና። በመካከሉ ትን ማለት ይበዛል። በጉሮሮ አንድ ወገን፣ ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ላይ፣ እሾህ የተሰነቀረ የሚመስል ስሜት ይኖራል። ድምፅ ይጎረንናል ወይም ትኩስ ድንች ጎርሶ እንደሚናገር ሰው ይታፈናል። ምራቅ በጥቂት ደም ይቀላቀል ይሆናል። ክብደት ይቀንሳል።

እዚህ ላይ ሳትደነግጡ አንብቡ። ጉሮሮ ያመመው ሁሉ ካንሰር ያዘው ማለት ፈጽሞ አይደለም፤ አብዛኛው ጉንፋን፣ ቶንሲል ወይም ቃር ነው። ጭንቀት ያለባት ሴትም በጉሮሮዋ እንደ ኳስ ያለ ነገር የተወተፈ ይመስላታል፤ ይህ ግን ባዶ ሲዋጥ ይሰማል እንጂ ምግብ ሲበላ ብዙውን ጊዜ ይጠፋል። የሚያሠጋው በተቃራኒው ምግብ ሲመጣ የሚብሰው ነው። ጉንፋንም ቢሆን በአንድና በሁለት ሳምንት ይለቃል። ሐኪሞች የሚሰጡት ልክ ሦስት ሳምንት ነው፤ የመዋጥ ችግር፣ የድምፅ መጎርነን፣ የአንድ ወገን የጆሮ ሕመም ወይም የአንገት እብጠት ሦስት ሳምንት ካለፈው መታየት አለበት።

ስለ አንገት እብጠት አንድ የቋንቋ ችግር አለብን። ነቀርሳ የሚለው ቃላችን ሁለት በሽታ ተሸክሟል፤ ቲቢንም የሳንባ ነቀርሳ እንላለን፣ ካንሰርንም ነቀርሳ እንላለን። ቲቢ በአገራችን አንገት ላይ ንፍፊት ማሳበጡ የተለመደ ስለሆነ «የአንገት ነቀርሳ ነው» ተብሎ መድኃኒት የሚጀመርበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ብዙውን ጊዜም ትክክል ነው። ቤተሰብ ግን ቃሉን ሲሰማ ምን እንደተባለ አይለይም፤ አንዱ ካንሰር መስሎት ተስፋ ይቆርጣል፣ ሌላው ቲቢ መስሎት ይዘናጋል። ስለዚህ ሐኪሙን «ከእብጠቱ በመርፌ ናሙና ተወስዶ ታይቷል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። እንቅርትም በደጋው አገራችን የተለመደ ነው፤ ልዩነቱን ግን ቤት ሆናችሁ በመጠኑ ማየት ትችላላችሁ። ሰውየው ውሃ ሲውጥ አንገቱን ተመልከቱ። እንቅርት ፊት ለፊት ሆኖ ሲዋጥ አብሮ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከጎን ያለ ንፍፊት ግን ባለበት ይቀራል። የአዳዳ እብጠት ከጎን ነበረች፤ አትንቀሳቀስም ነበር። ይህን ያን ጊዜ ብናውቅ ኖሮ እንቅርት አንላትም ነበር።

መንሥኤው ምንድን ነው ለምትሉ፣ ከሁሉ በላይ የሚጠቀሱት ትምባሆና አልኮል ናቸው። ሁለቱ ሲገናኙ ጉዳታቸው አይደመርም፤ ይባዛል። በጊንጪም ሆነ በጌዶ፣ በባኮም ሆነ በአምቦ አረቄ ቤት ሰብሰብ ብለው ሲጋራ እያቀጣጠሉ የሚያመሹ ወንዶች ባሎቻችሁና ወንድሞቻችሁ ናቸው። ዳግም አረቄ የአልኮሉ መጠን ከ40 ከመቶ ሊበልጥ የሚችል መጠጥ ነው፤ የጉሮሮን ስስ ቆዳ እያቃጠለ ነው የሚወርደው፤ የትምባሆው መርዝም በተቃጠለው ቆዳ ላይ ሥራውን ይሠራል። አረቄ አውጥታ ልጆቿን የምታስተምረውን እናት ለመውቀስ ብዬ አይደለም፤ እንጀራዋ ነው። ጠጪው ግን ቢያንስ ሲጋራውን ከቤቷ ውጭ እንዲተው ሕጉም ከጎኗ ነው፤ የ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1112 ሕዝብ በሚሰበሰብባቸው ቤቶች ውስጥ ማጨስን ከልክሏል።

ከታችኛው ጉሮሮ ጋር ጎረቤት የሆነው የምግብ ቧንቧ ካንሰር ደግሞ በአገራችን በተለይ በአርሲና በባሌ በርክቶ መታየቱ ተመራማሪዎችን ሲያነጋግር ቆይቷል። እጅግ ትኩስ ገንፎና ትኩስ መጠጥ ከተጠረጠሩት መካከል ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋምም እ.ኤ.አ. በ2016 ከ65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሞቀ መጠጥ ለምግብ ቧንቧ ካንሰር ሊያጋልጥ ይችላል ከሚባሉት ነገሮች መካከል መድቦታል። ቡናችንን ተዉ አልተባለም፤ ከጀበና እንደወረደ አትጨልጡት ነው የተባለው። ገንፎውም ጥቂት ቢቆይ አይጎዳም፤ ቅቤውና ሚጥሚጣው እዚያው መሐሉ ላይ ነው፣ የትም አይሄድ።

አሁን ወደ ሴቶቹ ልመለስ። እ.ኤ.አ. በ1919 ፓተርሰንና ኬሊ የተባሉ ሁለት የብሪታንያ ሐኪሞች፣ ተለያይተው ሳሉ፣ አንድ ዓይነት በሽተኛ ገለጹ። እድሜዋ መካከለኛ የሆነ ሴት፣ ደሟ ያነሰ፣ ምላሷ የላሰላሰ፣ የአፏ ጥግ የተሰነጠቀ፣ ጥፍሯ እንደ ማንኪያ የጎደጎደ፣ ደረቅ ምግብ ለመዋጥ የምትቸገር። በአሜሪካም ፕለመርና ቪንሰን የተባሉ ሐኪሞች ተመሳሳዩን ስላዩ በሽታው በአራቱም ስም ይጠራል። ብረት የተባለው ማዕድን በሰውነት ውስጥ ለብዙ ዘመን ሲጎድል የጉሮሮው ስስ ቆዳ ይሳሳል፤ ከማንቁርት በስተኋላ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ስስ መጋረጃ ይሠራበታል፤ ከእነዚህ ሴቶች ጥቂቶቹም ውለው አድረው እዚያው ቦታ ላይ ካንሰር ይይዛቸዋል። በስዊድን አገር እ.ኤ.አ. በ1936 አልቦም የተባለ ሐኪም በዚያ አገር ሴቶች ላይ የሚታየውን የአፍና የጉሮሮ ካንሰር ከዚሁ የብረት እጥረት ጋር አያይዞ ጻፈ። በኋላ የሕዝቡ አመጋገብ ሲሻሻልና ስዊድን በዱቄት ላይ ብረት መጨመር ስትጀምር ይህ ዓይነቱ በሽታ እየጠፋ ሄደ። ይህን ባነበብሁ ጊዜ የአዳዳን ጥፍሮች አስታወስሁ።

ይህ እንግዲህ የሩቅ አገር ተረት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 በአገራችን በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑት ሴቶች መካከል 24 ከመቶ የሚሆኑት ደም ማነስ ተገኝቶባቸዋል። ሁሉም ከብረት እጥረት የመጣ ላይሆን ይችላል፤ ከእነርሱም ውስጥ ወደ ጉሮሮ ችግር የሚደርሱት እጅግ ጥቂቶች ናቸው። ነገር ግን የሴት ልጅ ደም ማነስ እንደ ዕጣዋ ተቆጥሮ «ሴት ናትና ይደክማታል» ሲባል መኖሩ ልክ አይደለም። ጤፍ ብረት አለው እየተባለ ይወራል፤ አለውም፤ ሆኖም ከውድማው አፈር የተቀላቀለበትን ብረት ሰውነታችን በቀላሉ አይቀበለውም። ምስር፣ ጎመን፣ ሲገኝም ጉበትና ቀይ ሥጋ ይረዳሉ፤ ሎሚ፣ ቲማቲም ወይም ቃሪያ አብሮ ሲበላ ብረቱ ይበልጥ ይገባል። ሻይና ቡና ግን ብረቱን ስለሚይዙት ከምግብ ጋር ሳይሆን አንድ ሰዓት ያህል አቆይቶ መጠጣት ይሻላል። ነፍሰ ጡር ሳላችሁ ጤና ጣቢያ የሚሰጣችሁን የብረት ክኒን ሆድ አደረቀብን ብላችሁ ከሣጥን ሥር አትጣሉት። አፈር የሚያምራችሁ ከሆነም አትደብቁት፤ ለአዋላጇ ንገሯት፤ ምልክት ነው።

ሐኪም ዘንድ ስትደርሱ ምን ይደረጋል? ብዙ ሰው ምርመራውን እየፈራ ይቀራል፤ በእርግጥ ግን መጀመሪያ የሚያስፈልገው አንዲት ትንሽ መስተዋት ናት። እ.ኤ.አ. በ1854 የስፔን ተወላጅ የሆነው የዘፈን መምህር ማኑኤል ጋርሲያ በጥርስ ሐኪም መስተዋትና በፀሐይ ብርሃን የገዛ ድምፅ አውታሮቹን ተመለከተ። ሐኪም እንኳ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ የአንገት በላይ ሐኪሞች ሁሉ ይህችን ረጅም እጀታ ያላትን መስተዋት ይጠቀማሉ። ዛሬ በአፍንጫ በኩል የሚገባ እንደ ሽቦ የቀጠነ መመልከቻም አለ፤ ያስቃል፣ ዓይን ያስለቅሳል እንጂ የሚያሠቃይ አይደለም። ጥርጣሬ ሲኖር በማደንዘዣ አስተኝተው ከዕጢው ቁራጭ ወስደው በማይክሮስኮፕ ይመረምሩታል፤ ቁርጡ የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው።

አንድ ጊዜ ነጻ ነሽ መባል ግን ሁልጊዜ መጨረሻ አይደለም። የጀርመን አልጋ ወራሽ የነበረው ፍሬድሪክ በ1887 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ ድምፁ ጎረነነ። ያገሩ ሐኪሞች ካንሰር ነው፣ እንቅደደው አሉ፤ ከእንግሊዝ አገር የተጠራው ስመ ጥር ሐኪም ቁራጭ ወስዶ አስመረመረና ካንሰር አልተገኘም ተባለ። ሐኪሞቹ ሲከራከሩ ወራት አለፉ። በ1888 ዙፋኑን ሲወርስ መናገር አይችልም ነበር፤ ትእዛዙን በጽሑፍ እየሰጠ 99 ቀን ነግሦ ሞተ። የእርሱ ካንሰር የማንቁርት ነበር፤ ነገሩ ግን አንድ ነው። ምልክቱ ካልጠፋ እንደገና ይታይ ዘንድ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ንጉሥ ያልተሳካለትን የጉደር እንጀራ ጋጋሪ ብታጣው አይፈረድባትም።

በምዕራብ ሸዋ የምትኖሩ እህቶች መንገዱን እወቁት። መጀመሪያ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ የአካባቢያችሁ ሆስፒታል፣ ከዚያ አምቦ። በአምቦ ጠቅላላ ሆስፒታልና የአምቦ ዩኒቨርሲቲ ሪፈራል ሆስፒታል አሉ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል የሆነ ሰው ከታች ጀምሮ የሪፈራል ወረቀቱን እያስጻፈ መውጣት አለበት፤ በችኮላ ወረቀቱን ዘሎ አዲስ አበባ የገባ ቤተሰብ ወጪው በራሱ ላይ ይወድቃል። «የአንገት በላይ ሐኪም እንዲያየኝ ይጻፍልኝ» ብላችሁ በግልጽ ተናገሩ። የጨረር ሕክምና ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ ውስጥ በአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ይሰጥ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በጅማና በሐረርም ተጀምሯል። ከክፍለ ሀገር መጥተው ማረፊያ ላጡ ሕሙማን ድጋፍ ከሚያደርጉት አንዱ በካንሰር በሞተ የአራት ዓመት ሕፃን ስም የተቋቋመው የማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ነው፤ ሆስፒታል ስትደርሱ ስለ ማረፊያ ማኅበራዊ ሠራተኞችን መጠየቅ አያሳፍርም።

ሕክምናው እንደ በሽታው ደረጃ ይለያያል። በጊዜ የተገኘ ትንሽ ዕጢ በጨረር ብቻ ወይም በቀዶ ጥገና ሊድን ይችላል፤ ማንቁርትም ሳይነካ ሊቀር ይችላል። ከፍ ካለ ጨረርና ኬሞቴራፒ አብረው ይሰጣሉ። ጨረሩ በሳምንት አምስት ቀን ለስድስትና ለሰባት ሳምንት የሚቀጥል ስለሆነ ሥራን፣ ልጆችን፣ ማረፊያን አስቀድሞ ማዘጋጀት ይጠይቃል። ከመጀመሩ በፊት የተበላሸ ጥርስ ይነቀላል፤ በኋላ ቢነቀል መንጋጋው ላይድን ይችላል። አንዳንዴ ማንቁርቱ ጭምር ይወጣና ሕመምተኛው በአንገቱ ላይ በተከፈተ ቀዳዳ ይተነፍሳል። ይህን የሰማ ቤተሰብ «እንዲህ ሆኖ ከሚኖር» ይላል፤ እኔም ብዬ ነበር። ነገር ግን እንዲህ ሆነው ሥራቸውን የሚሠሩ፣ በሌላ ዘዴ መናገር የተማሩ፣ ልጅ የዳሩ ሰዎች አሉ።

ቤት ውስጥ የምታስታምሙ ደግሞ ዋናው ሥራችሁ ምግብ ነው። ታማሚው በሕክምናው ሳምንታት ውስጥ ክብደቱ ከወረደ ሕክምናውንም አይችለውም። አጥሚቱን በወተትና በጥቂት ቅቤ አወፍሩት፤ ምስሩን አልሙና አጥልሉት፤ እንቁላል፣ እርጎ፣ የተፈጨ አቮካዶ ስጡት፤ በርበሬውንና ሚጥሚጣውን ለጊዜው ተዉት። ቀጥ ብሎ ተቀምጦ፣ በትንሽ በትንሹ፣ በቀን ስድስትና ሰባት ጊዜ ይብላ። ቀጭኑ ትን የሚለው ከሆነ ወፈር ያለው ይሻለዋል። መዋጥ ፈጽሞ ካቃተው ሐኪሞች በአፍንጫ ወይም በሆድ በኩል ቱቦ ያስገቡለታል፤ አዳዳ ቱቦውን ስታይ መጀመሪያ አለቀሰች፣ በሳምንቱ ግን ጉልበቷ ትንሽ ሲመለስ «ይህን ቀድሞ ለምን አላደረጋችሁልኝም?» አለችን። ጸበል የሚወስዱም ይውሰዱ፤ ክኒኑንና ቀጠሮውን ግን አያቋርጡ። የሕመም ማስታገሻው በሰዓቱ መሰጠት አለበት፤ እስኪጮኽ መጠበቅ አያስፈልግም።

ባለፈው ዓመት እናቴ ጉሮሮዬን ይይዘኛል ማለት ጀመረች። አንድ ሳምንት ጠበቅሁ፣ ሁለት ጠበቅሁ፤ በሦስተኛው ሳምንት ከትሪው ላይ ዳቦውን ስትተወው አየሁና ያለ ፈቃዷ አምቦ ወሰድኋት። ሐኪሙ በዚያች ቀጭን መመልከቻ አያት። ቃር ነው፣ ሌላ ምንም የለም አለ፤ ማታ ማታ አምሽታ እንዳትበላ መክሮ ጥቂት ክኒን ጻፈላት። በታክሲው ውስጥ እስከ ጉደር ድረስ ስትቆጣኝ ነበር። የገበያ ቀኗን አባክኜባት ነበርና።